ሃያ ጊዜ «እኔ … ነኝ»

የናፈቅሽኝ ልጄ ሴሪን፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ ለክረምቱ የሚሆነውን የጎመን ኪምቺም አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ተመራማሪ ወደ ሰፈራችን የአረጋውያን መዋያ ቤት መጥታ ወረቀት አደለችን። «እኔ … ነኝ» የሚል ሃያ ጊዜ ተጽፎበታል፤ ክፍቱን ቦታ የምንሞላው እኛ ነን። እኔ «የሴሪን እናት፣ የማንሺክ ሚስት፣ የጁምሱን ታላቅ እህት» እያልኩ ሞላሁት። ልጅቱ አየችና፣ «እማማ፣ ሌላ ሰው ሳይገባበትስ እርስዎ ማን ነዎት?» አለችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሳይገባበት ምን ይተርፈኛል?» ስላት ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አባትሽ አጠገቤ ነበር። «እኔ ባል ነኝ፤ እኔ አባት ነኝ» ብሎ ጽፎ አቆመ። «የማን አባት?» ብላ ስትጠይቀው እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ መልሶ አነሳው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ንገሪያት» አለኝ።

«ይሄ ሰነፍ፣ ሚስቱን ሊያሠራ!» ብለው ጓደኞቹ አሾፉበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። እኔ ስምሽን ጻፍኩለት።

ለአዲስ ዓመት ትመጫለሽ አይደል? ዘንድሮስ አትቅሪ። ስትደውዪም ስልኩን አባትሽ ካነሳው፣ ሌላ ወሬ ሳትጀምሪ መጀመሪያ ስምሽን ንገሪው።

ብርዱን ተጠንቀቂ፤ ጤና ሁኚልኝ።

እናትሽ