የሁለታችን ፓስወርድ

ለቀድሞ ባለቤቴ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ? አሁንም ወንበር ላይ ተጣጥፈህ ነው የምትሠራው ወይስ ልብ ገዛህ? እኔ ደህና ነኝ። ፎቶ ቤቱም ደህና ነው፤ ጣሪያው ብቻ ዘንድሮም ስለሚያፈስ መብራቶቹን ወደ ግድግዳው አስጠግቻቸዋለሁ። እናቴ ሰላም ብላሃለች። «ያ ሰው» ነው የምትልህ፤ ስምህን ለመጥራት ገና አልታረቀችህም።

መልእክትህ ደርሶኛል። የኤዲቲንግ ፕሮግራማችን የዓመት ክፍያ እንደ ደረሰ፣ አሁን ግን ስልኩ ራሱ በኤአይ ሁሉን ስለሚሠራ መክፈሉ ምን እንደሚጠቅመን ጠይቀህ፣ እንተወው ወይስ እናድሰው፣ አንቺ ወስኚ ብለሃል። ይኸውልህ፣ በዕድሜህ ለኔ የተውክልኝ የመጀመሪያው ውሳኔ ይሄ ነው። ስንለያይ ካሜራዎቹን አንተ፣ ፎቶ ቤቱን እኔ ወሰድን፤ ሳንካፈለው የቀረው ይሄ አካውንት ብቻ ነው። አንተም ባለህበት፣ እኔም እዚህ፣ በአንድ ፓስወርድ እንገባለን። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲዘጋ አልፈልግም ነበር።

ቢሆንም «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንዳይሆንብኝ፣ ራሴ ሳልሞክር መልስ አልሰጥም ብዬ ሰሞኑን የመጣውን ሥራ ሁሉ በስልኩ ሠራሁት። ጉርድ ፎቶ ላይ እንከን አላወጣሁለትም። ደንበኛው ኮቱን ሳያወልቅ ጀርባው ነጭ፣ ኮሌታው ቀጥ ያለ ሆኖ ይወጣል። አንተ ከኋላ የሚያልፈውን ሰው ለማጥፋት አፍጥጠህ ትውልበት የነበረውን ሥራ ደግሞ፣ በጣቴ ከበብ አድርጌ ነካ ሳደርገው ሰውየው የለም። ወይ ጉድ! አስፋልቱ እንኳን አልተዛነፈም። ለስንቱ ነገር ነው ወገባችንን የጨረስነው አልኩ።

ከዚያ አናጺው ጎረቤቴ መጣ፤ ያ በሩን የሠራልን። እኛ ወደ ሰፈሩ ሳንመጣ የሞተችውን የሚስቱን ፎቶ ይዟል። ታጥፎ ስለኖረ ግራ ዐይኗ ላይ ተልጦ ነጭ ሆኗል። ለስልኩ ሰጠሁት፤ ቅንድቡንም ሽፋሽፍቱንም ሞልቶ ምን የመሰለ ዐይን አወጣላት። ኮራ ብዬ አሳየሁት። ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው፣ ቆንጆ ናት አለኝ። ቀጥሎ ግን፣ ይቺ ሴት እኔን አይታኝ አታውቅም አለ። ለካ ሚስቱ ግራ ዐይኗ ሸወር ያለ ነበር፤ ስልኩ አቃንቶላታል። እፍረቴን ተወው።

ሌላ ፎቶ የላትም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ከመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ ላይ የተላጠች አንዲት ጉርድ አመጣ። ያን ጊዜ ወደ ፕሮግራማችን ተመለስኩ። እዚያም ኤአይ እንዳለ አላጣሁትም፤ ግን አትንካ ሲሉት አይነካም። ዐይኗን ከጉርዷ ላይ አንስቼ፣ ከላይ በሚደረበው ሌየር ላይ ለብቻው አስቀምጬ፣ ብርሃኑን ከፊቷ ጋር እስኪስማማ ድረስ ቀስ እያልኩ አገጣጠምኩት። አናጺው ሲያያት ሳቀ። አዎ፣ ግልምጫዋ ይሄ ነው አለኝ።

እንግዲህ መልሴ ይሄ ነው። ለጉርድ፣ ለብጉር፣ ለአላፊ አግዳሚው ስልኩ ይበቃል፤ ለዚያ ብቻ ቢሆን እንተወው እልህ ነበር። የሰው ፊት ሲጎድል ግን አይበቃም፤ የጎደለውን ሳያውቅ ደፍሮ ይሞላዋላ! ስለዚህ ፕሮግራሙ መታደስ አለበት። እንዲያውም የጋራችንን አድስልን ብዬ ልጽፍልህ ነበር።

ታዲያ የአናጺውን ሥራ ላትምለት ተመልሼ አካውንታችን ውስጥ ስገባ፣ በቅርብ የተከፈቱት ፎቶዎች ተደርድረው ጠበቁኝ። አንተ እዚያ የከፈትከው እኔ ጋ እንደሚታይ ረስተኸዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የኔ ደንበኛ መስሎኝ የላይኛውን ከፈትኩት። አንዲት ጨቅላ ናት። የተጠቀለለችበት ብርድ ልብስ ላይ ያለውን እድፍ አጥፍተሃል፣ መስኮቱን አደብዝዘሃል፤ ሥራህ ጥሩ ነው። ቀኝ ጆሮዋን ልታስተካክል ጀምረህ ትተኸዋል። ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት። ከፋሽ ወይ ብትለኝ፣ አዎ ከፋኝ። ከዚያ ደንበኛ ገባና ተነሳሁ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ግን ለቅቄዋለሁ። የጋራውን አታድሰው። የራሴን ከፍቻለሁ፤ ፎቶዎቼንም አውጥቼ ጨርሻለሁ። እዚያ የቀረው በሙሉ ያንተ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ጆሮዋን ተወው። ጫፉ እንዲህ ወደ ውጭ እጥፍ ያለው የእናትህ ጆሮ ነው፣ ያንተም ነው፤ እኛ ቤት ስንጠብቀው ኖረን የቀረብን ጆሮ ነው። ስልኩ ላቃናልህ ካለህም እምቢ በለው።

በጤና ያሳድግላችሁ። ለእናቷም ጉልበት ይስጣት።

የሙያ እህትህ