ስለ ተገለበጠችው ወፍና ስለ ጓድ ሊቀመንበሩ መኖሪያ ቤት

ጥቅምት 1978 ዓ.ም.
አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ ውብሸት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎችዎ የረዘመ ይሁን እያልኩ በታላቅ ትሕትና ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የቀበሌዎ ነዋሪ ወሰንየለሽ ነኝ። ሥራዬ የቆዩ ሕንጻዎችን ታሪክ ማጥናት ሲሆን፣ እርስዎ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ «መንግሥት አስተምሯት ጎጆ ስትቆጥር የምትውል» ብለው ካስተዋወቁኝ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀኛል። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፍኩት ነዋሪው ሁሉ ውለታዎን እንዲያውቅልዎ ብዬ ነው። ድፍረቱን ያገኘሁት ግን ከቀበሌያችን በላይ ባለው በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የነበሩት ወዳጅዎ ባለፈው ወር ከወንበራቸው ከወረዱ በኋላ መሆኑን አልደብቅዎም፤ አንገቴን እወደዋለሁና።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከሸማ ተራ ጀርባ የነበረውን የወይዘሮ ቦሰናን ፎቅ ቤት፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አዳራሽ ይሠራበታል ብለው ስላስፈረሱልን አመሰግናለሁ። ያ ቤት አንድ የመናዊ አናጢ የወይን ሐረግና ወፎች የፈለፈለበት የእንጨት በረንዳ ነበረው። እኔ ለክቼ፣ ሥዬ፣ ፎቶግራፍ አንስቼ ይጠበቅልን እያልኩ ደጅ ስጠና፣ እርስዎ «የፊውዳል ትዝታ ነው» ብለው ባንድ ቀን ገላገሉኝ። ሙያውን የተማርኩት ሌኒንግራድ ነው። እዚያ ያሉት ጓዶች የንጉሦቻቸውን ቤተ መንግሥት በወርቅ ቅብ ሲያድሱ አይቼ በሶሻሊስትነታቸው አምኜ ነበር፤ ለካስ እነሱም ፊውዳሎች ኖረዋል፤ ስላነቁኝ ባለውለታዬ ነዎት። አዳራሹ እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ በቦታው ላይ የሚሰበሰቡት ፍየሎች ናቸው።

2ኛ/ በዚያ ቤት ምድር ቤት ተከራይተው ያረጁትን ነጠላ ሻጭዋን እትዬ ደብሪቱን፣ መሳለሚያ አጠገብ በር በሌላት የቆርቆሮ መጠለያ ስላሰፈሩልን አመሰግናለሁ። ፍርስራሹ ላይ ተቀምጠው «ልጄ፣ እኔስ ወዴት ልግባ?» ብለው ሲጠይቁዎት፣ እርስዎ «ታሪክ ይመልስልዎታል» አሏቸው፤ አጃቢዎችዎም ሳቁ። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

3ኛ/ በረንዳውን ግን ከማገዶነት ስላዳኑት ከልቤ አመሰግናለሁ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ከተሰጠዎት የተወረሰ ቤት ግንባር ላይ ተገጥሞ ሳየው መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ የረገምኩዎትን እርግማን እዚህ አልጽፈውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ በማግሥቱ ግን መጥቼ «ያምርብዎታል» አልኩዎት፤ እርስዎም አመኑኝ። አናጢዎ ያዛነፈውን ሁሉ ከሥዕሎቼ እያየሁ አሳረምኩት። ከወፎቹ አንዷ በጥንቱ አናጢ ስሕተት ተገልብጣ ስለተፈለፈለች እንዳያቃናት ስለምነው፣ «ያለችህን አድርግ» ብለው አዘዙልኝ። ዘይት አስቀቡ፤ የምስጥ መድኃኒት አስረጩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የታዘዘልኝ ባለሥልጣን አላጋጠመኝም።

4ኛ/ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና፣ «እንግዳ ሲመጣ የማሳየው፣ ቤቴ ታሪካዊ ነው የሚል ባለማኅተም ወረቀት አስወጪልኝ» ብለው ስላዘዙኝ እግርዎን ስሜ አመሰግናለሁ። የጠየቁኝን አልነፈግኩዎትም፤ ለቅርስ ኮሚቴው ጻፍኩ። ኮሚቴው ሲመጣ በግ አርደው ተቀበሉት። ፎቶግራፌ ላይ ያለችውን የተገለበጠች ወፍ በረንዳዎ ላይ ካለችው ጋር ሲያስተያዩ፣ «እሷው ናት! ከቦሰና ቤት ያመጣኋት!» ብለው የመሰከሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። እኔ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ወረቀቱ ወጥቷል፤ ማኅተሙም እንደተመኙት ትልቅ ነው። ምናልባት ከደስታዎ ብዛት እስከ መጨረሻው አላነበቡት እንደሆነ ፍሬ ነገሩን ልንገርዎ። እንጨቱ ዳግም ቢነቀል ስለሚሰበር አይነቀልም፤ ቅርስ በሆነ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው አይኖርም፤ ስለዚህ የሚነቀለው ነዋሪው ነው። ቅርስም ያለ ጠባቂ አይሆንምና፣ ጠባቂነቱ በጓሮ ካለችው የሰርቪስ ክፍል ጋር ለእትዬ ደብሪቱ ተሰጥቷል። ወዴት ልግባ ብለው ለጠየቁዎት ጥያቄ፣ እንዳሉት ታሪክ መልሶላቸዋል። ሰው ሲጎዳ ደስ አይበልሽ ብላ እናቴ አሳድጋኝ ነበር፤ እኔን ግን ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ደስ ብሎኝም አያውቅም። ቁልፉን በገዛ እጅዎ እንዲያስረክቧቸው እለምናለሁ፤ እኔም ቆሜ አያለሁ።

ወድቄ ተነሥቼ፣ ከምድር ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣

ጎጆ ቆጣሪዎ
ወሰንየለሽ ከተማ

ግልባጭ፦
በአዳራሹ ቦታ ለሚሰበሰቡት ፍየሎች

ማሳሰቢያ፦ ኮሚቴው በግቢው ውስጥ የማያስፈልጉ ሆነው ያገኛቸው ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ከጓሮ ያሠሩት የብሎኬት ሽንት ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው እርስዎ ነዎት። ሁለቱም እስከ ወሩ መጨረሻ ይነሣሉ፤ ብሎኬቱን ግን ይዘው እንዲሄዱ ተፈቅዶልዎታል።