ለጥምቀት ሳይሆን ለገና

ይድረስ ቆጋ ወርደው የሰው ሽንኩርት ለሚኮተኩቱት ለምወድዎ አባቴ፤

ወገብዎንስ ተሻለዎት? እኛ እርስዎን ከመናፈቅ በቀር ምንም አልሆንንም፤ ጥጃዋም አድጋለች። ዝናቡ ከድቶን እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ምንጩም ስለደረቀ ውሃ ከሩቅ እቀዳለሁ። ትምህርት ቤት ባረፍድም አስተማሪው አይቆጡኝም።

ባለፈው ከማንኩሳ ሽማግሌዎች እኔን ለልጃቸው ሊጠይቁ መጥተው ነበር። እማዬ «አባቷ በሌለበት አይሆንም» ብላ ከደጅ እንደቆሙ መለሰቻቸው። እኔም በሆዴ ሳቅሁ። እሁድ ደግመው መጡ። እማዬ ጎተራውን አየት አደረገችና «እስቲ ተቀመጡ» አለቻቸው።

አባባ፣ ለጥምቀት እመጣለሁ ያሉትን ለገና ያድርጉልኝ። ምንም አይያዙልኝ፤ ብቻ ይምጡ። ጋቢዎን አጥቤ አስቀምጬልዎታለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ ትርሲት፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ