ስላልተነበበችው አሳማ የቀረበ ምስጋና

በኦክላንድ ከተማ ለሚገኘው የሕፃናት መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት ዋና አዘጋጅ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ ወንበርዎ በምቾት፣ ጠረጴዛዎ ላይ የተቆለለው ወረቀትም ሳይናድብዎ ቀጥ ብሎ እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ ከሳቫኢ ደሴት፣ ከፋጋታሎ መንደር የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስሜ ፉአቲኖ ማላጋ ይባላል፤ በመንደራችን ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። እርስዎ እንደማያውቁኝ አውቃለሁ፤ ይህን ለማወቅ ግን ወራት ስለፈጀብኝ እባክዎ ጥቂት ይታገሡኝ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴም ድፍረት አይምሰልብኝ፤ ወደ እርስዎ በፖስታ የሚላክ ነገር ምን እንደሚገጥመው ስላየሁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከበረዶ ነው። በክፍሌ ሳጥን ውስጥ ደጋግ ሰዎች የላኩልን አሥራ አንድ መጻሕፍት አሉ፤ በዘጠኙ ውስጥ በደሴታችን ታይቶ የማያውቀው በረዶ ይወርዳል። ሃያ ሦስቱ ተማሪዎቼ የሱፍ ጓንት አወላለቅን በሥዕል ተምረው ጨርሰዋል። ከእነርሱ አንዷ ሎሴ ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ እንኳን ለእኔ ለፓስተራችንም የማይመለስ ልጅ ናት፤ መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ድምፅዋ ይጠፋል። ለምን እንደማታነብ ብጠይቃት «ቲቸር፣ እነዚህን ልጆች እኮ አላውቃቸውም» አለችኝ። ነገሯ ከሆዴ አልወጣ አለ፤ የምታውቃቸውን ልጽፍላት ወሰንሁ።

ጽሑፌ ስለ አንዲት የመንደራችን አሳማ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ የተንጠለጠለው አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር እንደ ደወል ሲመታ መንደሩ በሙሉ ለጸሎት በየቤቱ ይከተታል፤ ሽርጥ የታጠቁ ጎልማሶችም መንገድ ዳር ቆመው በጸሎት ሰዓት የሚንቀሳቀሰውን ይቀጣሉ። አሳማዋ ብቻ ደንታ የላትም፤ ትዞራለች። እንዴት አድርገው ይቅጧት? ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሃያ አራት ገጽ ከነሥዕሉ። ሁለት ጊዜ በእጄ ጻፍሁት፤ በጥሩ ወረቀት የተጻፈውን ለእርስዎ ላክሁ፤ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ደብተር እኔ ዘንድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ላደረጉልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ «የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ለሚያቀርቡ ብቻ» የሚለው ቅጽዎ በሦስተኛው ጥያቄ ከዚህ ቀደም ያሳተምኋቸውን መጻሕፍት እንድዘረዝር ስለጠየቀኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ልምድ ሊኖረው እንደሚገባ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ጽሑፌ ከየትኛው ዝነኛ መጽሐፍ ጋር እንደሚመሳሰል ለሚጠይቀው ቦታ «ከየትኛውም ጋር እንዳይመሳሰል ብዬ ነው የጻፍሁት» ብዬ ሞላሁ። ተከታዮችዎ ስንት ናቸው ለሚለውም ሃያ ሦስት ብዬ በሐቅ መለስሁ፤ ከእነርሱም ውስጥ እስከ መጸዳጃ ቤት በር የሚከተሉኝ ሁለት አሉ።

ሁለተኛ፦ በሦስተኛው ሳምንት ስለደረሰኝ ካርድ አመሰግናለሁ። ካርዱ ጽሑፌ መድረሱን ከገለጠ በኋላ በአሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጻፍንልዎ ሌላ መልስ አይጠብቁ ይላል። እኔም ለአጎቴ ለሌአቫሳ አሳየሁት። አጎቴ በመንደሩ ሸንጎ ንግግር አዋቂ የሚባል፣ ሰው ለማመስገን ከተነሣ ተመስጋኙ እስኪያንቀላፋ የማይቀመጥ ሽማግሌ ነው። መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠርጎ አነበበና «በቃ አለቀ እኮ ልጄ» አለኝ። ምኑ እንዳለቀ ብጠይቀው እንዲህ አስረዳኝ፦ «በእኛ ሸንጎ ነገር ቀርቦ፣ የካቫው መጠጥ ጽዋ ዞሮ እስኪያበቃ አንድም ሰው ካልተነፈሰ ምን ይባላል? ጸደቀ ነዋ። እነዚህ ደግሞ ከእኛም የባሱ ጨዋዎች ናቸው፤ እኛ አንድ ጽዋ ነው የምንጠብቀው፣ እነሱ አሥራ ሁለት ሳምንት ሰጥተው የሚቃወም ካለ ይናገር ብለዋል።»

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሰው የቀረበለትን ነገር ካልወደደው ይናገራል፤ ዝም ካለ ቃሉን ሰጥቷል። የሰው ልፋት ተቀብሎ ዝም የሚል፣ ዝምታውንም እምቢታ አድርጎ የሚቆጥር ትልቅ ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ እርስዎን መስደብ መሰለንና አላሰብነውም። ስሕተቱ የእኛ ነው፤ ክፉ ባለመጠርጠራችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የቀሩትን ሳምንታት ልጆቹ በሰሌዳው ጥግ በጠመኔ እየጫሩ ቈጠሩ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሎሴ ብድግ ብላ «ቲቸር፣ የተቃወመ አለ?» ትለኛለች፤ እኔም «የለም» እላለሁ፤ ክፍሉ ያጨበጭባል። የአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ጭብጨባ የርእሰ መምህሩን ቢሮ አልፎ እስከ ዓሣ አጥማጆቹ ድረስ ተሰምቷል።

ሦስተኛ፦ ስለ ድግሱ ማመስገን አለብኝ፤ ያለ እርስዎ አይሆንም ነበርና። የመጽሐፉ ምርቃት ከልጆች እሁድ ማግስት ሰኞ እንዲሆን ተወሰነ፤ ልጆች ነጭ ለብሰው በዓመት አንድ ጊዜ ከሽማግሌዎች ቀድመው የሚበሉበት በዓል ነው። የሴቶች ማኅበር ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ምንጣፍ አወጣ። መዘምራኑ ስለ አሳማዋ በአራት ድምፅ የሚዘመር መዝሙር አዘጋጁ። ፓስተራችን ለመጽሐፍ የሚሆን ጸሎት ቢያጣ ለአዲስ ጀልባ የሚጸለየውን ትንሽ አስተካክሎ ያዘ። ችግር የገጠመን በምግቡ ላይ ነበር። ያለ አሳማ ጥብስ የሚደረግ ምርቃት በመንደራችን ታይቶ አይታወቅም፤ ሽማግሌዎቹ ግን የምትታረደውን መርጠው ሲመጡ ሃያ ሦስቱ ልጆች በረቱን ከበው መሬት ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። «መጽሐፉ ስለ እሷ ነው፤ እሷኑ ልትበሏት ነው?» አለች ሎሴ። አጎቴ በሃምሳ ዓመት የሸንጎ ሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጣ። ዝም ስላለም በሕጋችን መሠረት ነገሩ ለልጆቹ ጸደቀላቸው፤ እንግዶቹ የቆርቆሮ ሥጋ በሉ።

መጽሐፎቹን ተቀብላ በአውሮፕላን ተሳፍራ በዚያው ሰኞ ጠዋት በጀልባ እንድትደርስልን የተላከችው ኦክላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ፌቱ ነበረች። ዓርብ ዕለት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ሁለት ባዶ ሻንጣ እየጎተተች ቢሮዎ ድረስ መጥታለች። እንግዳ የሚቀበሉት ወይዘሪት እጅግ ትሑት እንደነበሩ፣ ውሃም እንደቀዱላት መስክራለች። የሰማችውን ለመናገር ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስታመነታ ቆይታ፣ የደወለችልኝ መዘምራኑ ከተሰለፉ በኋላ ነው።

«እህቴ፣ መጽሐፍ የለም» አለችኝ።

«ገና አልታተመም?»

«ኧረ ፖስታውም አልተከፈተም። መደርደሪያው ላይ አየሁት እኮ፤ የአንቺው የእጅ ጽሑፍ ነው። ካልጻፍንላችሁ አልፈለግነውም ማለት ነው አለችኝ ሴትዮዋ።»

«ሳይከፍቱት እንዳልፈለጉት በምን አወቁ?»

«እኔም ጠየቅኋት። ውሃ ጨመረችልኝ።»

ፌቱ እንግዲያውስ ወረቀቱን ስጡኝና ልሂድ ብትልም የቀረበ ጽሑፍ በደንቡ እንደማይመለስ በፈገግታ ተነግሯት፣ ሁለቱን ሻንጣዎች ባዶ እንደሆኑ ይዛ ወደ ቤቷ ተመልሳለች።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ገታ አድርጌ እውነቱን ልንገርዎት፤ አፈርሁ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ የመንደሩ ሐሜት አልነበረም፤ እነዚያ ነጭ የለበሱ ልጆች መጽሐፍ የሌላ አገር ልጆች ነገር ነው ብለው እንዳይቀሩ ፈራሁ። ለአጎቴ በጆሮው ሹክ አልሁት። እርሱ ግን የጀመረውን የምርቃት ንግግር አላቋረጠም፤ ለእርስዎ፣ ለእናትዎ ወገን፣ ለአባትዎ ወገን፣ ለቢሮዎም ደጃፍ ሳይቀር ያዘጋጀውን የማዕረግ ሰላምታ አንድ ሳያስቀር አቅርቦ ሲጨርስ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ ከሥሩ ምንም የለም። ሰው ሁሉ ጨርቁን ያያል።

ያን ጊዜ ሎሴ ከቦርሳዬ ደብተሩን መዝዛ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመችና ማንበብ ጀመረች። ተንተባተበች፤ የሰረዝሁትን ሁሉ ሳይቀር አነበበች፤ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድረስ ድምፅዋ አልጠፋም። አሳማዋ ቤተ ክርስቲያን ገብታ በፓስተሩ ወንበር ሥር የምትተኛበት ቦታ ላይ ስትደርስ ፓስተራችን ሆዱን ይዞ ሳቀ። የዚያችን አሳማ ባለቤት የሚያውቁ ሴቶችም ወደ ሴትዮዋ እየዞሩ «እንዴት ነው ነገሩ፣ አሳማሽን ሳናውቅ ታዋቂ አደረግሻት?» ይሏት ጀመር። እኔ አለቀስሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ ከእጄ ወጥቷል። በተራ በየቤቱ ያድራል፤ ጸሎቱ እንዳለቀ ይነበባል፤ ተራው የደረሰ ቤት ለአንድ ቀን እንኳ አሳልፎ መስጠት አይወድም። ክቡርነትዎ ቢያሳትሙት ኖሮ ሽፋኑ ጠንካራ ይሆንልን ነበር፤ ያጣነው እርሱን ብቻ ነው። ስለዚህም ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ቃል ባለመናገር አንድ መንደር ያስደሰቱ፣ ኃላፊነትዎን ሳይደክሙበት የሚወጡት ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዎ እንደ መደርደሪያዎ የረዘመ ይሁን እያልሁ፣ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

ምንም ያላሳተመች ጸሐፊዎ፣
ፉአቲኖ ማላጋ
ፋጋታሎ፣ ሳቫኢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ቀርታኛለች። ደብተሩ ሠላሳ አንድ ቤት ከዞረ በኋላ ማሰሪያው ተበጥሶ የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች የት እንደገቡ አልታወቀም። ከትውስታዬ መልሼ ጽፌ ባቀርብም ልጆቹ አልተቀበሉኝም፤ ሎሴም «እንደሱ አልነበረም ቲቸር፤ ረስተውት ነው» ብላ ወረቀቱን መልሳልኛለች። አሁን የታሪኩ መጨረሻ እንዴት እንደነበረ መንደሩ ለሁለት ተከፍሎ እየተከራከረ ነው። መጽሐፉን እንዲያሳትሙልኝ አልለምንዎትም። የላክሁልዎትን ቅጂ ብቻ፣ ደንብዎን ለአንድ ቀን ጋደም አድርገው፣ ይመልሱልን፤ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ለብቻው ልኬአለሁ። የእኛው በንባብ ብዛት አለቀ፤ እርስዎ ዘንድ ያለው ግን እንደ አዲስ እንደሆነ ቅንጣት አልጠራጠርም።