የተገለበጠው ካሴት

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 8

የለም። የሉባባ ድምፅ የለም። ሦስት ጊዜ አጠንጥኜ ሰማሁት። ከበሮውና ክራሩ አንደኛው ትራክ ላይ አሉ፤ ማሲንቆው ሁለተኛው ላይ አለ። ሦስተኛው ላይ ሉባባ፣ አራተኛው ላይ ተቀባዮቿ መኖር ነበረባቸው። በእነሱ ፋንታ አንድ የሚንተባተብ ነገር ይሰማል። ሰው ይመስላል፤ ቋንቋው ግን የሰው አይደለም።

ለሠራተኞች ቀን በዓል የቀዳነው ዘፈን ነው። ሉባባ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ፈታይ ናት። ከፈረቃ ወጥታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ደሴ ድረስ መጥታ ዘፈነችው።

አራት ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳ ማሽን፣ እስከማውቀው፣ በከተማው ያለው እኛ ባህል ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው። መመሪያውን ከእንግሊዝኛ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ ግን «ባለሙያ፦ ጓድ ይመር» ይላል። እኔ «ረዳት» ነኝ። ይመር የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ሶኬት ሲሰካ እንጂ ማሽኑን ሲነካ አይቼው አላውቅም።

መጥቶ ሰማና ሰው ሁሉ ባለበት «ሰዓዳ አጥፍታዋለች» አለ። ቀጥሎ «አሻጥር» የሚለውን ቃል ጨመረ። በዚያ ቃል የተወሰዱ ሰዎችን አውቃለሁ።

«ዓርብ ስብሰባው ላይ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ» አለኝ።

«ባላጠፋሁት?»

«ግለ ሂስ ማለት እኮ እሱ ነው» አለ ከኋላ ግምጃ ቤት ኃላፊው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የክፍሉ ቁልፍ ያለው፦ እኔና ይመር።
ማሽኑን የሚያውቅ፦ እኔ።
ተጠያቂ፦ እኔ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9

አባዬ ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት መንዙማ ይሰማሉ። ዛሬ አንዱ ፊት ሲያልቅ ካሴቱን አወጡ፣ ገለበጡ፣ መልሰው ከተቱ። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

ይኸው ነው! ተራ ቴፕ የካሴቱን ክር ግማሽ ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ግማሹ ለጀርባው ይቀራል። የእኛ ማሽን ግን አራቱንም መስመር በአንድ አቅጣጫ ይሞላል። ስለዚህ የእሱ ካሴት ጀርባ የለውም። «ጀርባው ባዶ ነው» ብሎ ገልብጦ በተራ ቴፕ የቀዳበት ሰው፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ያጠፋል። የቀዳውም ነገር በእኛ ማሽን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሰማል።

ማሸጊያው ላይ በቀይ «አይገለበጥ» ብዬ ጽፌ ነበር። ከመመሪያው ጋር በመጣው መጽሔት ላይ ድምፅን ወደ ቁጥር እየለወጠ የሚቀዳ አዲስ መሣሪያ አለ ይላል። እሱ ቢኖረን አንድም ሰው ሊገለብጠው ባልቻለ ነበር።

ለምሳ ስወጣ ካሴቱን ከሻሼ ስር ይዤ ወጣሁ። ሆጤ ሰፈር፣ ሱቃችን ጓዳ ገብቼ፣ የአባዬ ቴፕ ውስጥ ገልብጬ ከተትኩትና ጆሮዬን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፍኩ።

የአሮጊት ሳል። «ይቀዳል?»

«ይቀዳል እማ። ይመርቁኝ።»

ይመር ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ካሴቱን «ለበላይ አካል ላሰማ» ብሎ የወሰደው ጊዜ ነው። ገራዶ መንደር ታማ ተኝታ የነበረችው እናቱ ዘንድ ይዞት ሄዷል።

«ያ ረቢ፣ ይመርን ወንበሩ ላይ አቆይልኝ። በረሃ ለበረሃ የሚዞረውን ሰይዴንም በሰላም መልስልኝ። ይመር፣ ወንድምህ እንዳለፈው ተደብቆ ቢመጣ በርህን እንዳትዘጋበት።»

«አሚን እማ። አልዘጋበትም።»

ወንድሙ ሰይድ አሰብ ወደብ ይሠራል እየተባለ ነበር። እንግዲህ መንግሥት «ሽፍቶች» ከሚላቸው ጋር ነው። ይህን ካሴት የሰማ ሰው ይመርን ነገውኑ ያስወስደዋል።

እናቱ ከሞተች ዐሥር ቀኗ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ለለቅሶ ሄዶ ነበር። ይመር እንባ አልወጣውም፤ ሰው ጨካኝ አለው። እኔም ብያለሁ።

ነጻ የሚያወጣኝ ነገር እጄ ላይ አለ። ካሴቱን መልሼ ከሻሼ ስር ከተትኩት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

መቅጃው ክፍል ውስጥ ብቻውን አገኘሁት። በሩን ዘጋሁ።

«ካሴቱን ገልብጬ ሰማሁት» አልኩት።

ተቀመጠ። ስለ ወንድሙ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ድምፅዋ ጠርቶ ይሰማል?» አለኝ። «ከሞተች ወዲህ ለመስማት አቅም አጣሁ።»

ልቤ እንዳይራራ ጥርሴን ነከስኩ። «ነገ ተነሥተው ‹ሳላውቅ ገልብጬ የሬዲዮ ሙዚቃ ቀዳሁበት› ይበሉ። ያን ካሉ ካሴቱን ገልብጦ የሚሰማ ሰው የለም። ዛሬ ደግሞ ላጥፋው።»

«አይ! አትንኪው! ሌላ ድምፅ የላትም እኮ። ነገ እናገራለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ወደ ሌላ ካሴት ታዛውሪልኛለሽ።»

«ይምላሉ?»

«ወላሂ» አለ። ጓድ ይመር ከንፈር ላይ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አመንኩት።

ማታ አባዬ ስለ ነገው ስብሰባ ሰምተው «ምላስሽን ያዢ፣ በአላህ» አሉኝ። እንደማልይዝ አውቃለሁ፤ ስለ ካሴቱ ግን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 11

መጀመሪያ የተነሣው ይመር ነው። ወደ እኔ ሳያይ «ጓዲት ሰዓዳ ግለ ሂስ ታድርግ» አለ። ያ ብቻ። ተቀመጠ።

ተነሣሁ። «ግለ ሂስ የለኝም» አልኩ። ማሽኑን አስመጥቼ ሦስተኛውን ትራክ ለቀቅሁት። አዳራሹ በሳቅ አወካ። «ሰዓዳ፣ ጅን ነው እንዴ የቀዳሽው?» አለ አንዱ። ባዶ ካሴት አንሥቼ፣ እየገለበጥኩ እያሳየሁ አስረዳሁ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

ሰብሳቢው ሞኝ አይደለም። «እንግዲያው ሌላ ሰው ገልብጦታል ነው የምትይው። ገልብጠሽ አሰሚን።»

ተራ ቴፑ ግምጃ ቤት ነው አልኩ። ከምሳ በኋላ ይምጣ ተባለ።

ይመርን አየሁት። አሁንም ቢናገር ይችል ነበር። ከንፈሩን በምላሱ አራሰ፤ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ወጣ።

ሰው ሲበተን እኔ ከማሽኑ ጋር ቀረሁ። የማዛወሪያ ቴፕ የለኝም። ጊዜም የለኝም። ይህን ሰው እጠላዋለሁ፤ ስሜን አጥፍቷል፣ ሥራዬን በስሙ ጽፏል፣ ምሎ ከድቶኛል። ግን እኔ ጣቴን ቀስሬ ያስወሰድኩት ሰው እንዲኖር አልፈልግም። ሦስተኛውንና አራተኛውን ትራክ ለመቅዳት አዘጋጀሁ፤ ማይክ ሳልሰካ ቁልፉን ተጫንኩ። የድምፅ መለኪያው መርፌዎች ወድቀው ቀሩ። ሃያ ሁለት ደቂቃ። እናቱ የመረቀችውን ያህል።

ከምሳ በኋላ ተራው ቴፕ መጣ። ተገለበጠ። ሽሽሽታ ብቻ።

«የት ሄደ?» አለ ሰብሳቢው።

«አጠፋሁት።»

«ማን ነበር?»

«ለእናንተ የማይጠቅም ድምፅ ነው።»

ማክሰኞ የዋሹብኝን ዛሬ እውነት አደረግሁላቸው። ከሥራ ታገድኩ፤ ውሳኔው ሰኞ ነው። ቁልፉን አስረከብኩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12

ሉባባ በሾፌር መልእክት ልካለች፦ «ማሽኑን ከሰጡሽ ረቡዕ መጥቼ እንደገና እዘፍናለሁ።» ከሰጡኝ።

ረፋዱ ላይ ይመር ሱቃችን መጣ። አባዬ በርጩማ ሰጡት። አልተቀመጠም።

«አጥፍተሽዋል?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ትናንት አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ዛሬ አዛውሬ እሰጥዎት ነበር።»

የስኳሩን ጆንያ ተደግፎ አለቀሰ። በለቅሶው ቀን ያላለቀሰውን ሁሉ። አባዬ ምንም ሳያውቁ «አብሽር ልጄ፣ አይዞህ» አሉት። እኔን እስካሁን አንድ ሰው አብሽሪ አላለኝም።

ሲረጋጋ ከኪሱ ሁለት ገጽ አወጣ። ግለ ሂስ ነው፤ የራሱ። «ካሴቱን ሳላውቅ ገልብጬ የሬዲዮ ሙዚቃ ቀድቼበታለሁ። ሰዓዳ ጥፋት የለባትም።» አሁን የሚያሰጋው ነገር ስለሌለ ነው የጻፈው። ይህን አልደበቅሁትም፤ ነገርኩት። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ፊርማ የለውም።

«ሰኞ እዚያው እፈርማለሁ» አለ።

እስክሪብቶዬን ዘረጋሁለት። «እዚሁ፤ አባዬ ፊት።»

ወረቀቱን ብዙ አየው። ፈረመ። አጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተው፤ እኔም ይስጡኝ ለማለት ኩራቴ ከለከለኝ። ወደ መናኸሪያው ሲወርድ ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት። እጁ ኪሱ ላይ ነበር። ሰኞ ለሰብሳቢው ይስጠው አይስጠው አላውቅም።