ኤርሊንዳ የሠራችው የሰይጣኖች ሰርግ

ሳንታ ኢነስ መንደር፣ ሚቾአካን
የሕማማት ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1979

ይድረስ ለልጄ ለኤልፒዲዮ፤

እንደምን ከርመሃል ልጄ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አሳማዋ ሰባት ወልዳለች። የአቮካዶው ዛፍ ከፍሬው ብዛት ከአሁኑ ጎብጧል።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። መልሱን ያዘገየሁት በቅያሜ ብቻ አይምሰልህ፤ የምጽፍልህ ነገር ገና አላለቀም ነበር።

«እዚህ ቲኹዋና ሌላ ትዳር ይዣለሁ። ለፋሲካ ይዣት ስለምመጣ ኤርሊንዳ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ፤ አንቺው ንገሪያት» ብለህ ነበር። ነገርኳት። ጓሮ ተቀምጣ ለሸክላዋ ጭቃ ታቦካ ነበር። ሰማችኝና «እማማ፣ እስቲ ይድገሙልኝ» አለች። ደገምኩላት። እጇን ታጠበች፣ ገብታ ተኛች። አራት ዓመት የጠበቀችህ ሴት ሳምንት ሙሉ ጭቃ አልነካችም።

በስምንተኛው ቀን በቆሎ ይዘን ወፍጮ ቤት ሄድን። የኮንሱዌሎን ምላስ ታውቀዋለህ፤ ገና ስታየን ሴቶቹን እየጠቀሰች «ባሏ ከድቷት ወንዝ ለወንዝ እያለቀሰች የምትዞረዋ መንፈስ ጓደኛ አገኘች!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ደሜ ፈላ። ኤርሊንዳ ግን ከራሷ ላይ ያለውን በቆሎ አስተካክላ «ለማልቀስ ማን ጊዜ አለው ብለሽ ነው ኮንሱዌሎ? ጭቃዬ እየደረቀ ነው» አለቻት። ያን ቀን ከሰዓት ሥራ ጀመረች።

ድሮ ሰይጣን በመንደራችን እየዞረ ሰውንም ውሻንም ሲያሳብድ፣ አያቶቻችን «ማረፊያ ቢያገኝ ይተወናል» ብለው በጭቃ ቤት ሠሩለት ይባል የለ? እሷም የራሷን ሰይጣኖች ልታሳርፍ ተነሳች። ከጭቃ የሰርግ ማዕድ ሠራች፤ ዙሪያውን አሥራ ሁለት ሰይጣን ሚዜ፣ አንዱ ጊታር ይመታል፣ አንዱ ሾርባ ደፍቶ ይስቃል። ሙሽራውም ሰይጣን ነው። ልደብቅህ አልችልም፣ ያደረገው ኮፍያ ያንተ ነው። ሙሽሪት ብቻ ሰው ናት፤ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትበላለች።

ስትተኩሰው ዝናብ መጣብን። ምድጃው ውስጥ ጧ! ጧ! ሲል ሰማን። ሦስት ሳምንት የለፋችበት ገል ሆነ። መሬት ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሷ ስባሪውን በእጇ እያፈሰች «እርስዎ ያን ጊዜ እንዴት ቻሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። አልቻልኩትም አልኳት። አባትህ ጥሎኝ ከሄደ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በር በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ እንጂ። አዎ ልጄ፣ ስለ አባትህ ለአንተ ያልነገርኩህን ለእሷ ነገርኳት። አንተም ስትመጣ ፊት ለፊት ትሰማዋለህ።

እሷም ክንዴን ይዛ «ይነሱ እማማ፣ ጭቃው አላለቀም» አለችኝ። በአሥራ ስምንት ቀን እንደገና ሠራችው። ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው ቶርቲያ መጠፍጠፍ አቅቷት እኔ ጠፈጠፍኩ።

ባለፈው እሁድ፣ በሆሳዕና፣ ኡሩዋፓን ገበያ ለሸክላ ውድድር ወሰድነው። አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፋው ነበር፤ ቢሆንም የሙሽራው አንድ ቀንድ ተሰበረ። ዳኞቹ መጡ፣ ከት ብለው ሳቁ፣ ቀንዱን አዩና አለፉ። ሽልማቱን ሌላ ሴት ወሰደች። ኤርሊንዳ ቀና ብላ አጨበጨበችላት።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ? ያቺ ሽልማት የወሰደችው ሴት ራሷ መጥታ ከማዕዱ ፊት ተንበረከከች። ከሥር አየች፣ ከላይ አየች። «እህቴ፣ ይህን የሚያህል ጠረጴዛ እሳት ውስጥ ሳይጎብጥ እንዴት ቆመልሽ? የእኔ ሁልጊዜ ይወድቅብኛል» አለች። ኤርሊንዳም አሳየቻት። ሌሎች ሴቶች ተሰበሰቡ። ተመልሰን መንደራችን ስንደርስ «እማማ፣ ከፋሲካ በኋላ አምስት ሴቶች ሊማሩ ይመጣሉ። ጓሮው ይበቃን ይሆን?» አለችኝ።

ይበቃል አልኳት። ትናንት ሽማግሌዎቹን ጠርቼ ቤቱን ከነጓሮው በስሟ አድርጌዋለሁ። ከአባቴ ያገኘሁት የራሴ ቤት ነው። እሷ በዚህ ዕድሜዋ የቻለችውን እኔ በስልሳ ዓመቴ ገና እየተማርኩ ነው።

አንተ ልጄ ነህ። ከነሴትየዋ ና፤ ፖሶሌ ሠርቼ አበላችኋለሁ፣ እሷንም አላስቀይማትም። ማደሪያችሁ ግን አጎትህ ዘንድ ነው።

እመቤታችን ከክፉ ትጠብቅህ፤ እንጀራህን ትባርክልህ፤ ልብ ትስጥህ።

«ኤርሊንዳ ሰላም ብላሃለች» ብዬ ልጨርስ ነበር። ግን አላለችም።

እናትህ ፔትሮኒላ