ሚስቴን ለማስተኛት እስከ ባሕር

ሰኞ፣ ከነቀምቴ ስንነሳ

መስኮቱን ዘጋሁት። አውቶቡሱ ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ የኛንም፣ የፊታችንንም፣ የኋላችንንም ዘግቼ ጨረስኩ። አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ ታፈንን እኮ!» አለ። «ታፍኖ የሞተ አላየሁም፤ ምች የመታው ግን ስንት ቀብሬያለሁ» አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ደገፈኝ። አንዲት እናት እንዲያውም የልጃቸውን ጆሮ በነጠላ ሸፈኑ።

ጀማሪ ጸሐፊ ነኝና ራሴን ላስተዋውቅ። ድንበሩ እባላለሁ። የጎልማሶች የማታ ትምህርት ዘንድሮ ጨረስኩ፣ ከክፍላችን አንደኛ። መምህርቷ ሁለተኛ ብላለች፤ ተሳስታ ነው። ነቀምቴ ገበያው አጠገብ ፍራሽ እሸጣለሁ። ከባኮ እስከ ጊምቢ የተኛ ሰው ሁሉ እኔ ላይ ነው የተኛው።

አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ፤ ሚስቴ ጫልቱ።

እንቅልፍ እንዲወስዳት ስፖንጅ አነጠፍኩላት። ጥጥ አነጠፍኩላት። ለሙሽራ የመጣውን ባለስፕሪንግ ሳይቀር ከሱቅ አውጥቼ አነጠፍኩላት። የለም። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ልባችን በሚወርድበት ጊዜ፣ ጆሮዋን በር ላይ ጥላ ማደር ለመደች። አሁን ከተማው ተኝቷል፤ እሷ ግን እስካሁን ተረኛ ናት። ጠዋት በቋንቋዋ «አካም ቡልቴ?» ብዬ እንዴት እንዳደረች ስጠይቃት «ነጋ» ትለኛለች፤ በሰላም ማለቷ ነው። ዓይኗ ሌላ ያወራል። እየከሳች ነው። ጤና ጣቢያ «አየር ለውጪ» አሏት።

ወደብ የሚመላለስ አንድ ሾፌር ደንበኛዬ «ባሕር ዳር የተኛ ሰው በጥፊም አይነቃም» አለኝ። በዚያው ቀን «ሚስቴን ጅቡቲ ልወስዳት ነው» ብዬ ለገበያው ለፈፍኩ። ከለፈፉ በኋላ መቅረት የለም። ሱቁን ለልጃችን ለሌንሳ ሰጠን፣ ወጣን።

ረቡዕ፣ ባቡር ውስጥ

የዚህ የጅቡቲ ባቡር መስኮት አይከፈትም። የሠራው ሰው ወለጋ ያደገ መሆን አለበት።

የያዝነው፦ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ዳማከሴ በላስቲክ፣ ጫልቱ ለስንቅ የቋጠረችው የገብስ ጭኮ። ብርድ ልብሱን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ከድሬዳዋ በኋላ ስለ ብርድ ልብሱ ማውራት አቆምኩ።

ጫልቱ «የምናድርበትን ታውቃለህ?» አለችኝ። «ማንበብ የሚችል ሰው ማደሪያ አያጣም» አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። 

ሐሙስ፣ ጅቡቲ ከተማ

ማንበብ በቻልኩ በዓመቱ ማንበብ የማልችልበት አገር ገባሁ። ሰሌዳው ሁሉ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ። ሻንጣ ተሸክሜ እንደገና መሃይም ሆንኩ።

የመጀመሪያው ሆቴል ዋጋውን ሲነግረኝ «ወንድሜ፣ ልደርበት እንጂ ልገዛው አልመጣሁም» ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ ግን የወደብ ሠራተኞች በአንድ ክፍል ተደራርበው የሚያድሩበት ነው፤ ለሴት አይሆንም። ጫልቱ እግሯ አብጧል። ድንገት አንድ ቀጭን መንገድ ውስጥ፣ በቀይ ቀለም፣ በገዛ ፊደላችን፦ «አልጋ አለ»።

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። ሰው ዞሮ አየኝ፣ ይየኝ!

ባለቤቱ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው። ሁለት ክፍል አሳየን። አንዱ በመንገድ በኩል፣ ሰፊ መስኮት ያለው። ሌላው በስተውስጥ፣ መስኮት የሚባል የሌለው፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ። ነፋስ የማያገኘውን መረጥኩ። ሰውዬው እያየኝ ቆየና «አባቴ፣ እዚህ ክፍል ሰው ተለምኖ ነው የሚገባው። ራሱ የጠየቀ አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለ። የአድናቆት መሰለኝ።

ቬንቲሌተሩ ቀጥታ በጫልቱ ጎን በኩል ይነፍስ ነበር። ውጋት እንዳይዛት አጠፋሁት።

ዓርብ፣ ታጁራ

ሌሊቱን መስኮት አልባዋ ክፍል ውስጥ ተቀቀልን።

«አካም ቡልቴ?» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነጋ አላለችም። «አባ ሌንሳ፣ እኔ ድንች ነኝ? ማሎ፣ እባክህ ወደ ቤቴ መልሰኝ። እዚያ ቢያንስ ሳይሞቀኝ ነው የማልተኛው።»

 ፊቷ አመድ መስሏል። ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ ያመጣኋት እንድትተኛ ነበር፤ ይባስ አደረግኋት። የመመለሻ ባቡራችን ቀን ሰኞ ነው። «እስከዚያ ብቻ ታገሺኝ» አልኳት።

ባለአልጋው አዘነልን። «በጀልባ ታጁራ ተሻገሩ። ጸጥ ያለ ነው፣ ሰው ቤቱን ያከራያል፣ ርካሽ ነው» አለ። ተሻገርን። መሃል ባሕር ላይ ነፋስ ባርኔጣዬን ነጥቆ ወሰደው። ባርኔጣው ውሃው ላይ እንደ ዳክዬ ሲንሳፈፍ ጫልቱ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሌላ ባርኔጣ ቢኖረኝ እጨምርላት ነበር።

ታጁራ ላይ ብልሃቴን ሁሉ አወጣሁ። አንባቢ ሆይ፣ ርካሽ አልጋ ስትከራይ እንዲህ አድርግ፦ ፍራሹን በአውራ ጣት ተጫነው፤ ጉድጓዱ ካልተመለሰ አንተም አትመለስ። ትራሱን አሽት። አንሶላውን በማዕዘኑ ግለጥ። ሁለት ቤት በዚህ መንገድ ጣልኩ። የሁለተኛው ባለቤት እኔንም ጣለኝ፣ ትከሻዬን ገፍቶ።

ሦስተኛዋ እማማ ፋጡማ ናቸው። አማርኛቸውን ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነው የተማሩት፣ ግማሹ ስድብ ነው። ቀጥታ ጣሪያ ላይ አወጡን። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ በገመድ የተጠለፉ አልጋዎች ተደርድረዋል፣ ከዚያ ባሕሩ።

«ፍራሹስ?» አልኩ።

«ምን ፍራሽ! አንተ ግመል፣ በዚህ ሙቀት?»

«እማማ፣ እኔ በርበሬ አይደለሁም ጣሪያ ላይ የምሰጣው። ነፋሱ ይመታናል።»

«እኛ እዚህ የምናከራየው ነፋስ ነው» አሉ፤ «አልጋው ምርቃት ነው።»

እምቢ አልኩ። ምድር ቤት ያለውን ክፍል ያዝን። ዋጋው ጨመር ያለ ነው፣ ግን በር አለው፣ መቀርቀሪያ አለው። ጫልቱ እየወረደች ሁለቴ ወደ ላይ ዞራ አየች።

ቅዳሜ፣ ታጁራ

ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። 

እየሮጥኩ ወጣሁ። ጣሪያው ላይ፣ አንዱ የገመድ አልጋ ላይ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ነፋሱ እንደፈለገ ያደርገዋል፣ ሻሿ የለም። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ።

«እዚህ በር የለውም» አለችኝ።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

«በር ከሌለ ማን ያንኳኳል?»

  ጎኗ ተቀመጥኩ። ውሃው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሌላ ድምፅ ቢኖርም አይሰማም። ለካ እኔ ፍራሽ ስቀያይር በሩ እዚያው ነበር።

ወርጄ እማማ ፋጡማን «ለዛሬ ጣሪያውን» አልኳቸው። «ፍራሽ ሻጩ ተሸነፈ!» ብለው ለመንደሩ ጮሁ። እኔ ነቀምቴ ላይ የምጮኸውን ያህል ነው የጮሁት፤ ጎበዝ ናቸው።

የሚያስፈራኝ፦ ምች። የጫልቱ ጎን። ደግሞ ይህም ካልሠራ ምን ይዤ እመለሳለሁ?

እሑድ፣ ታጁራ፣ ጣሪያ ላይ

ፀሐይ ወጥታለች። ጫልቱ ተኝታለች።

ደግሜ ልጻፈው፣ አጻጻፉ ደስ ስለሚል። ጫልቱ ተኝታለች። አፏን ከፍታ፣ አንድ እጇ ከገመዱ ተንጠልጥሎ፣ ምንም ሳትደርብ። ጋቢዋን ነፋሱ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። አንድ ሁለቴ እጄን አፍንጫዋ ላይ አድርጌ ትንፋሽዋን ፈትሻለሁ። የእሷ ጎን ደህና ነው። እንጨት የሆነው የእኔ አንገት ነው፤ ዳማከሴውን እኔው አሸሁበት።

ጀልባው ጡሩምባ ነፋ። የነገው ባቡር እንዳያመልጠን የምንሄድበት ጀልባ ነው። እማማ ፋጡማ ከታች «ፍራሽ! ጀልባው!» አሉ። ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። ወጥተው አዩዋት። «ልቀስቅሳት?» አሉኝ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

«ይተዋት» አልኩ።

ጀልባው ሄደ። እየራቀ፣ እየራቀ፣ ባርኔጣዬን አከለ።

የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁም። የባቡር ቲኬታችን ምን እንደሚሆንም አላውቅም። ነቀምቴ ስንገባስ? የኛ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ያውም ሹል። መስኮቱን ከፍተን እንሞክር ይሆናል። እኔ ነኝ ይሄን የጻፍኩት፣ እኔ ድንበሩ፤ ገበያው እንዳይሰማ።

ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ልትደርስ ነው። ተነስቼ በአንድ እጄ ጋቢዬን ዘርግቼ ጥላ ሆኜላታለሁ። የምጽፈው በሌላው ነው፣ ነፋሱም ወረቀቱን ይጎትታል። መምህርቷ ፊደሌ ተጣመመ ብትል ትበል።